ዩራያ ሌቪ፦ ስሙ ዘግይቶ በር ላይ የተጻፈለት መኮንን

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ አናፖሊስ በምትባል ከተማ፣ በ1845 የተመሠረተ የባሕር ኃይል አካዳሚ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) በዚህ ግቢ ውስጥ በ2005 አንድ ሕንፃ ተመረቀ። ሕንፃው ለአይሁዳውያን ዕጩ መኮንኖች የሚሆን የጸሎት ቤት፣ ማለትም ምኩራብ፣ አለው። ከዚያ ጎን ደግሞ የየትኛውም እምነት ተከታይ የሆነ ዕጩ መኮንን ስለ መልካም ጠባይና ስለ ወታደራዊ ክብር የሚማርባቸው ክፍሎች አሉት። ሕንፃው የተሰየመው በኮሞዶር ዩራያ ፊሊፕስ ሌቪ ስም ነው።

እኔን ወደዚህ ሰው ታሪክ የሳበኝ ሕንፃው ራሱ አይደለም። ሰውየው በሕይወት ዘመኑ ስድስት ጊዜ ጦር ፍርድ ቤት ቀርቧል። ከባሕር ኃይል እንዲባረር ተፈርዶበት በፕሬዚዳንት ውሳኔ ተመልሷል። በሽጉጥ ፍልሚያ ሰው ገድሏል። ታዲያ የእንዲህ ያለ ሰው ስም መልካም ጠባይ በሚያስተምሩበት ቤት በር ላይ ምን ይሠራል? ስህተት ነው እንዴ? ወይስ ከፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ጀርባ ሌላ ነገር አለ? ታሪኩን ሳገላብጥ የቆየሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። መልሱ አንድ መስመር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር።

የአያቱ ደብዳቤ

ነገሩን ከሌቪ ሳይሆን ከእናቱ አባት ብጀምር ይሻላል። ጆናስ ፊሊፕስ በጀርመን አገር ተወልዶ ወደ አሜሪካ የመጣ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት በተዋጋችበት ጦርነት በፊላደልፊያ ሚሊሻ ውስጥ አገልግሏል። ይሁንና ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በሚኖርባት በፔንሲልቬንያ ግዛት ለምክር ቤት የሚመረጥ ሰው ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ሁለቱም የአምላክ ቃል ናቸው ብሎ መማል ነበረበት። አይሁዳዊ በሐዲስ ኪዳን አይምልም። ስለዚህ ለአገሩ መዋጋት ይችላል፣ በአገሩ ምክር ቤት መቀመጥ ግን አይችልም ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ ሲረቀቅ ጆናስ ፊሊፕስ ለጉባኤው ደብዳቤ ጻፈ። አይሁዳውያን በጦርነቱ ደማቸውን ማፍሰሳቸውን አስታውሶ እንዲህ ያለው መሐላ እንዲቀር ጠየቀ። ጉባኤው በዝግ ስለሚሰበሰብ እሱ አያውቅም እንጂ፣ የፌደራል መንግሥት ሹመት በሃይማኖት ፈተና እንዳይወሰን ደብዳቤው ከመድረሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተወስኖ ነበር። ውሳኔው ግን የፌደራሉን መንግሥት እንጂ ግዛቶቹን አይመለከትም። ሜሪላንድን ብንወስድ፣ የ1776 ሕገ መንግሥቷ ማንኛውም ሹመኛ በክርስትና ማመኑን እንዲገልጽ ያዝዝ ነበር፤ ለአይሁዳውያን በሩ በሕግ የተከፈተው በ1826 ነው። ይህ ሕግ የወጣው ደግሞ እዚያው አናፖሊስ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ባለበት ከተማ ነው። የባሕር ኃይል አካዳሚው ከ19 ዓመት በኋላ የተከፈተባት ከተማ መሆኗ ነው።

ባሕር ላይ ያደገ ልጅ

ዩራያ ሌቪ በ1792 በፊላደልፊያ ተወለደ። ስሙ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኦርዮ የምንለው ነው። ኦርዮ፣ ከታማኝነቱ በቀር በደል ያልተገኘበት፣ የገዛ ንጉሡ ግን ሆን ብሎ ሰይፍ ፊት ያቆመው ወታደር ነው። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ይህን አስበው አይመስለኝም። ሆኖም ታሪኩን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ትንሽ ያስገርማል።

ልጁ ገና በአሥር ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ በንግድ መርከብ ላይ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። የተመለሰው ደግሞ በአይሁድ ሥርዓት ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ለአካለ ሃይማኖት መድረሱ የሚታወጅበት፣ ባር ሚትስቫ የሚባለው ሥነ ሥርዓት እንዳያመልጠው ነው ተብሎ ይተረካል። ከዚያም እንደገና ወደ ባሕር ሄደ። በ1807 ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን የውጭ ንግድን አግደው ወደቦች ሲዘጉ ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም፤ ፊላደልፊያ ተቀምጦ የመርከብ አመራር ትምህርት ተማረ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የአንዲት መርከብ ካፒቴንና የከፊል ባለቤት ሆነ። መርከቧን የገዛ ሠራተኞቹ አምፀው ነጠቁት። እሱም ዝም አላለም፤ ለፍርድ እስኪቀርቡ ድረስ ተከታተላቸው። የሰውየው ጠባይ እዚህ ላይ መታየት ይጀምራል፦ የተወሰደበትን ነገር በቀላሉ የሚተው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በአይሁድ እምነት አንድ ሰው ብቻውን መጸለይ ይችላል። የማኅበር ጸሎት ግን ቢያንስ አሥር ለአካለ ሃይማኖት የደረሱ ሰዎች ያስፈልጉታል፤ በጥንቱ ልማድ አሥር ወንዶች ማለት ነው። ከኦሪት መጽሐፍ በጉባኤ ማንበብ፣ ለሞተ ዘመድ የሚደረገውን ጸሎት ማድረስ፣ እነዚህ ሁሉ አሥር ሰው ይጠይቃሉ። በባሕር ላይ፣ መቶ ሰው በጫነ መርከብ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ብቻ ካለ፣ እምነቱን ማንም ባይከለክለውም ግማሹን ትቶ ነው የሚኖረው። በወታደር ቤት ስለ አይሁዳውያን ሃይማኖታዊ ሕይወት ስናወራ መነሻው ይህ ነው። ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ሰው ያስፈልጋል።

ጦርነትና እስር

በ1812 አሜሪካና እንግሊዝ ሲዋጉ ሌቪ ወደ ባሕር ኃይል ገባ። የተሰጠው ሥራ የመርከብን አቅጣጫና ጉዞ መምራት ነበር። በ1813 አርገስ በምትባል የጦር መርከብ ወደ ፈረንሳይ ተጓዘ። መርከቧ አዲሱን የአሜሪካ ልዑክ ፈረንሳይ ካደረሰች በኋላ በእንግሊዝ ዙሪያ የንግድ መርከቦችን መያዝና ማቃጠል ጀመረች። ሌቪ ከተማረኩት መርከቦች አንዷን እንዲወስድ ታዘዘ። እንግሊዞች መንገድ ላይ ያዙት። ዳርትሙር በተባለው፣ በብርድና በጭጋግ በሚታወቅ እስር ቤት ውስጥ ወደ 16 ወር ታስሮ ቆየ።

ከእስር ሲወጣ ወጣት ነው፣ ከፈለገ ወደ ንግዱ ተመልሶ መክበር ይችላል። እሱ ግን በባሕር ኃይል መቆየትን መረጠ። በ1817 የሌተናንትነት ማዕረግ ተሰጠው።

ስድስቱ ክሶች

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አካዳሚ የሚባል ነገር የለም። መኮንን የሚሆን ልጅ በልጅነቱ ዕጩ ሆኖ መርከብ ላይ ይመደባል፤ እዚያው ከእኩዮቹ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል። ብዙዎቹ የታወቁ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ሌቪ በዚህ መንገድ አልመጣም፤ ከንግድ መርከብ ተነሥቶ በሥራው ነው ያደገው። በእነሱ ዓይን በጓሮ በር የገባ ሰው ነበር። በዚያ ላይ አይሁዳዊ ነው። መኮንኖች አብረው በሚመገቡበት ክፍል ውስጥ የሃይማኖቱ ስም እንደ ስድብ ይወረወርበት ነበር።

ሌቪም ስድብ የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። ሌተናንት ከመሆኑ በፊት፣ በ1816፣ በአንድ የጭፈራ ምሽት የተጀመረ ጠብ በሽጉጥ ፍልሚያ አልቆ ተቃራኒው መኮንን ሞተ። የሲቪል ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክስ በክስ ላይ ተደራረበ፦ ከመኮንን ጋር ተጣልቷል፣ የበላዩን ተዳፍሯል፣ ተሳድቧል። ከባሕር ኃይል እንዲባረር የተፈረደበትን አንዱን ውሳኔ ፕሬዚዳንት ሞንሮ በ1821 ሽረውታል።

እውነቱን ለመናገር፣ መዝገቡን ያየ ሰው ሌቪ ግልፍተኛ ነበር ማለቱ አይቀርም። እኔም እላለሁ። ነገር ግን አገራችን ውስጥ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባል ተረት አለ። ሰውየውን በየቀኑ የሚነካኩት፣ ሲቆጣ ደግሞ ከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ ሆነው የሚቀርቡት እነዚያው የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። የጦር ፍርድ ቤት ዳኞች መኮንኖች ናቸው፤ መኮንኖቹ ደግሞ የአንድ ማዕድ ሰዎች። መዝገቡ ማን እንደ ጮኸ ይነግረናል፣ ማን እንደ ገረፈ ግን ሁልጊዜ አይነግረንም። የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ይህን ልብ ማለት ያለብን ይመስለኛል።

እውነተኛው ጅራፍ

ከተረቱ ወደ እውነተኛው ጅራፍ ልመለስ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ አዛዥ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ በራሱ ሥልጣን ብቻ፣ አንድን ባሕረኛ እስከ 12 ጅራፍ ማስገረፍ ይችል ነበር። ጅራፉ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ነው። ባሕረኛው ልብሱን ከላይ አውልቆ ይታሰራል፣ ሌሎቹ ተሰልፈው እንዲያዩ ይገደዳሉ። የሰከረም፣ የሰረቀም፣ አንዳንዴ ልብሱን ያላጠበም በዚሁ ይቀጣል።

ሌቪ ይህን ቅጣት ጠላው። በ1837 ኮማንደር ሆነና ብዙም ሳይቆይ የቫንዳሊያ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሲሾም ግርፋትን ትቶ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ለምሳሌ ጥፋተኛውን በጓደኞቹ ፊት በሚያሳፍር ቅጣት መቅጣት። አንድ ቀን አንድ ልጅ እግር የመኮንኑን አነጋገር እያስመሰለ ሲያላግጥ ተያዘ። ሌቪ በጅራፍ በማስገረፍ ፈንታ ልጁ ሱሪው ዝቅ ተደርጎ መቀመጫው ላይ ትንሽ ቅጥራንና ጥቂት የበቀቀን ላባ እንዲለጠፍበት አዘዘ። ለጥቂት ደቂቃ ተሳቀበት፣ አለቀ።

ይህ ቅጣት በእኛ ዓይን ደስ የሚል ነገር አይደለም። ልጅን ማዋረድ ነው። ግን የሚገርመው ሌላው ነው፦ በ1842 ሌቪ በዚሁ ምክንያት ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ቅጣቱ ጨካኝና አሳፋሪ ነው ተብሎም ከባሕር ኃይል እንዲባረር ተፈረደበት! የልጁ ጀርባ በ12 ጅራፍ ቢተለተል ኖሮ ማንም አይከስሰውም ነበር። ፕሬዚዳንት ታይለር ጉዳዩን አይተው ቅጣቱን ወደ አንድ ዓመት እገዳ ዝቅ አደረጉት። በ1844 ደግሞ ሌቪ ካፒቴን ሆነ።

እገዳውም ሆነ ሹመቱ አፉን አላዘጋውም። ግርፋት እንዲቀር እየጻፈና እየወተወተ ቀጠለ። በ1850 የአሜሪካ ኮንግረስ በባሕር ኃይል ግርፋትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የመቃብሩ ጽሑፍ የዚህ ሕግ አባት ያደርገዋል። እኔ ይህን እንደ ወረደ አልቀበለውም። በሴኔት ውስጥ ለዓመታት የታገሉት የኒው ሃምፕሻየሩ ጆን ሄል ነበሩ፤ ከእሳቸውም ሌላ የቀድሞ ባሕረኞችና ጸሐፊዎች ተሳትፈዋል። ሌቪን ከሁሉም የሚለየው፣ አዛዥ ሆኖ ጅራፉን የማዘዝ ሥልጣን በእጁ እያለ ማስቀመጡ ነው።

ሞንቲቼሎ

ሌቪ በኒው ዮርክ ከተማ ቤትና ቦታ እየገዛ ሀብታም ሆኖ ነበር። ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው ሳይ ሰውየው ይበልጥ ገባኝ። ቶማስ ጄፈርሰንን ከልቡ ያደንቅ ነበር። ጄፈርሰን በቨርጂኒያ የእምነት ነፃነትን ያወጀውን፣ በ1786 የጸደቀውን ሕግ የጻፈ ሰው ነው። ለጆናስ ፊሊፕስ የልጅ ልጅ ይህ ሕግ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌቪ በፓሪስ ዳቪድ ዳንዤ የተባለውን ታዋቂ ቀራፂ ቀጥሮ የጄፈርሰንን ሐውልት ከነሐስ አሠራና በ1834 ለኮንግረስ በስጦታ አቀረበ። ዛሬም በካፒቶል ሕንፃ ውስጥ ቆሟል። ሞዴሉን ለኒው ዮርክ ከተማ ሰጠ፤ ከተማዋም በአጸፋው የወርቅ ሱረት መያዣ አበረከተችለት።

በዚያው በ1834 ጄፈርሰን ይኖርበት የነበረውን፣ በዕዳ ምክንያት የተሸጠውንና እየፈረሰ የነበረውን የሞንቲቼሎ ቤት ለመግዛት ተዋዋለ። ከክርክር በኋላ በ1836 በ2,700 ዶላር እጁ ገባ። አስጠገነው። እናቱ ራሔል እዚያ ኖራ በ1839 እዚያው ተቀበረች።

አሁን አንድ የማይመች ነገር መጻፍ አለብኝ። በሞንቲቼሎ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ባሪያዎች ነበሩ። በጄፈርሰን ዘመን ብቻ ሳይሆን በሌቪም ዘመን። የባሕረኛ ጀርባ በጅራፍ እንዳይቆስል የተሟገተው ሰው፣ መርከብ ላይ ያልሆኑ፣ አቤት የሚሉበት ኮንግረስ የሌላቸው ሰዎች ጌታ ነበር። ይህን ከታሪኩ ብንቆርጠው ሌቪ ያማረ ጀግና ይሆንልናል። ግን የቆረጥነው ሰዎችን ነው የሚሆነው። የራሱ ቁስል የሌላውን ቁስል ሁልጊዜ አያሳየውም፣ የሰው ልጅ ነገር እንዲህ ነው። የሱን ስም በር ላይ የሚያነብ ዕጩ መኮንን ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

የ1857ቱ ችሎት

በ1855 የባሕር ኃይሉን ለማሻሻል በወጣ ሕግ መሠረት የመኮንኖች ቦርድ ተቋቁሞ፣ ብቃት የላቸውም የተባሉ ወደ 200 የሚጠጉ መኮንኖች ከሥራ ወይም ከዝርዝር ወጡ። ቦርዱ የሚሰበሰበው በዝግ ነው፤ ምክንያቱንም አይናገርም። ሌቪ ከስሞቹ አንዱ ነበር። ዕድሜው 63 ነው። ሀብት አለው፣ በ1853 አግብቷል። ዝም ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

እሱ ግን ተከራከረ። ብዙ መኮንኖች ስለ ጮኹ ኮንግረስ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀደ፤ በ1857 መጨረሻ ሌቪ በዋሽንግተን አጣሪ ችሎት ፊት ቀረበ። በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ መኮንኖች፣ ነጋዴዎች፣ የባንክ ሰዎች ብቃቱን መሰከሩ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን አንድ ምስክር ነው፦ ጆርጅ ባንክሮፍት። ባንክሮፍት የታወቀ የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ በ1845 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ የአናፖሊሱን አካዳሚ የመሠረተውም እሱ ነው። በችሎቱ ፊት፣ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ለሌቪ መርከብ እንዳልሰጠው አልካደም። ምክንያቱ የብቃት ማነስ እንዳልሆነ፣ በባሕር ኃይሉ ውስጥ በሌቪ ላይ ጠንካራ ጥላቻ እንደ ነበረና ጥላቻው በአብዛኛው ከአይሁዳዊነቱ የመጣ እንደ መሰለው ተናገረ።

እስቲ ይህን እናስበው። የአካዳሚው መሥራች፣ በመሐላ፣ እኔ ራሴ ለዚያ ጥላቻ ተሸንፌ ነበር የሚል ያህል ቃል ሰጠ። ሌቪም በተከላካይ ቃሉ ነገሩን ከራሱ አወጣው። ዛሬ በአይሁዳዊ ላይ የሆነው ነገር ዝም ከተባለ ነገ በካቶሊኩ፣ ከነገ ወዲያ በሜቶዲስቱ ወይም በባፕቲስቱ ላይ እንደሚደርስ ለዳኞቹ አስረዳ። ለሱ ብቻ የሚሆን ምሕረት አልጠየቀም፣ ለሁሉም የሚሆን ደንብ እንጂ።

አሸነፈ። በ1858 ወደ ማዕረጉ ተመለሰ፣ ማሴዶኒያን የተባለችው መርከብም ተሰጠችው። በ1860 በሜዲትራኒያን ባሕር የነበረውን የአሜሪካ የመርከብ ቡድን አዘዘ። ኮሞዶር የተባለውም በዚህ ነው፤ ያኔ ኮሞዶር ቡድን ለሚመራ ካፒቴን የሚሰጥ መጠሪያ እንጂ ራሱን የቻለ ማዕረግ አልነበረም። በ1862፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እያለች፣ በ69 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ

በኑዛዜው ሞንቲቼሎን ለአሜሪካ ሕዝብ ተናዞ ነበር፤ የባሕር ኃይል አባላት ወላጅ አልባ ልጆች የእርሻ ትምህርት እንዲማሩበት። አልሆነም። ወራሾች ተካሰሱ፣ ቤቱ ተበላሸ፣ በ1879 የወንድሙ ልጅ ጄፈርሰን ሞንሮ ሌቪ እጅ ገብቶ እንደገና ተጠገነ፣ በ1923 በጄፈርሰን ስም ለተቋቋመ ድርጅት ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቤቱን ለመጎብኘት የሚመጡ ሰዎች ስለ ሌቪ ቤተሰብ ብዙም አይነገራቸውም ነበር። የእናቱ መቃብር ታድሶ በክብር የታሰበው በ1985 ነው።

አካዳሚውስ? ባንክሮፍት ያየው ጥላቻ ከባንክሮፍት ጋር አልሞተም። በ1922 ከተመራቂዎቹ ሁለተኛ የወጣ አንድ አይሁዳዊ ዕጩ መኮንን ነበር። የዓመቱ ተማሪዎች መጽሔት ሲታተም የሱ ገጽ በቀላሉ ተቀድዶ እንዲወጣ ሆኖ፣ በጠርዙ ተበሳስቶ ነው የወጣው። ገጹ ቢቀደድ መጽሔቱ ምንም አይጎድለውም እንዲሉ! በዚያው ዓመት የተመረቀ ሌላ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ፣ ሃይማን ሪኮቨር፣ በኋላ የአሜሪካ የኑክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች አባት ሆነ።

ሕጉ በበኩሉ ቀስ እያለ ተለወጠ። በሦስቱ ወታደራዊ አካዳሚዎች ወደ ፕሮቴስታንት፣ ወደ ካቶሊክ ወይም ወደ አይሁድ ጸሎት መሄድ ግዴታ ነበር፤ ፍርድ ቤት ይህን ግዴታ በ1972 ሻረው። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአየር ኃይል አንድ አይሁዳዊ መኮንን በሥራ ላይ የሃይማኖቱን ትንሽ ቆብ እንዳያደርግ መከልከል ይችላል ብሎ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረስ ንጹሕና ልከኛ እስከ ሆነ ድረስ ይፈቀድ የሚል ሕግ አወጣ። አንዱ አስገድዶ ማስጸለይን፣ ሌላው መከልከልን ነው የነካው። በሁለቱ መካከል ግን ሕግ የማይደርስበት ሰፊ ቦታ አለ።

ያ ቦታ የየዕለት ኑሮ ነው። የአይሁድ ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ የወታደር ቤት ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ አይቆምም። በፋሲካ ሰሞን እርሾ የገባበት እንጀራም ዳቦም አይበላም፣ የመመገቢያ አዳራሹ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ያቀርባል። የማስተሥረያ ቀን ጾማቸው የሚውለው ትምህርት በሚጀመርበት ወራት ነው። ረቡዕና ዓርብ ካፌ ገብቶ የጾም ምግብ አልቋል የተባለ ተማሪ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ሊያስተካክል የሚችለው መርሐ ግብሩን የሚያውቅ ረቢ፣ ወጥ ቤቱን የሚያነጋግር አለቃ፣ ከግቢው ውጭ ሆኖ ገንዘብ የሚያዋጣ ወዳጅ ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። ዌስት ፖይንት በ1802 ካስመረቃቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዱ አይሁዳዊ ነበር፤ የአይሁድ ጸሎት ቤት ያገኘው ግን በ1984 ነው። የአየር ኃይሉ አካዳሚ በ1963 ሲመረቅ በታላቁ የጸሎት ሕንፃ ሥር የአይሁድ ክፍል ተሠርቶለት ነበር። አናፖሊስ የመጨረሻዋ ሆነች። የሕንፃው ወጪ በአብዛኛው የተሸፈነው በወዳጆች መዋጮ ነው። የፊት ገጹ ሞንቲቼሎን ይመስላል፣ በውስጡም ከኢየሩሳሌም ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ አለው። የሌቪ ስም በ1943 በአንዲት የጦር መርከብ ላይ፣ በ1959 ደግሞ በኖርፎክ የባሕር ኃይል ሰፈር ጸሎት ቤት ላይ ተጽፎ ነበር። መኮንን የሚፈለፈልበት ግቢ ለመግባት ግን ከሞተ ከ143 ዓመት በኋላ ነው።

መደምደሚያ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ስድስት ጊዜ የተከሰሰ ሰው ስም ስለ ጠባይ በሚማሩበት ቤት ላይ መጻፉ ስህተት አይመስለኝም። እንዲያውም ተገቢ ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፦ ሙሉ ታሪኩ ከተነገረ። ወጣቱ ዕጩ መኮንን ከሌቪ ግልፍተኝነትን፣ ከከሳሾቹ ደግሞ የአንድ ማዕድ ሰዎች ተስማምተው ሰው እንዴት እንደሚያወጡ ይማራል። ከባንክሮፍት ዘግይቶም ቢሆን እውነቱን መናገርን፣ ከሞንቲቼሎ ባሪያዎች ደግሞ ለራሱ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ሌላውን ሊረሳ እንደሚችል ይማራል። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ ገብቶ የቆመውን ሰው ግን ና ተቀመጥ የሚለው ሕግ አይደለም፣ ሰው ነው።

በአናፖሊሱ ምኩራብ ከ400 በላይ መቀመጫ አለ። ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልገው አሥር ሰው ነው። ሌቪ በመርከብ ላይ ባሳለፋቸው ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ወንበር አልነበረም፣ ዘጠኙ ሰዎች እንጂ።